ሰሙን ማን አቀለጠው?

መጽሐፍ የሚወድ ሰው እጁን በዘይት አይነክርም የሚል ያልተጻፈ ሕግ በመካከላችን አለ። ማንም አላወጀውም፤ ሁላችንም ግን እናከብረዋለን። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ውስጣዊ ዓለም ስንከራከር አምሽተን፣ ወደ ቤት የሚመልሰን ሞተር ሳይክል አልነሣ ሲለን "እኔ እንኳ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም" እንላለን። የሚገርመው ይህን የምንለው በኩራት መሆኑ ነው። አለማወቃችንን የጨዋነት ምልክት፣ የመማራችን ማስረጃ አድርገን እናቀርበዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ኩራት ጋር ነው።

ኩራቱ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን "ቡዳ"፣ ሸማኔውን "ቁጢት በጣሽ"፣ ቆዳ አልፊውን "ፋቂ" እያለ ሲሰድብ የኖረ አገር ልጆች ነን። የታረሰበትን ማረሻ፣ የተለበሰውን ጋቢ፣ የተተኛበትን ቁርበት የሠራው ሰው በሠራው ነገር ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናው ገባ፤ አዋጁ ግን ወደ ልባችን ለመግባት እስከ ዛሬ ደጅ እየጠና ነው።

ነገሩን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የማነሣው ዕዳው ከማንም በላይ እኛ ላይ ስላለ ነው። እስቲ የምንኮራባቸውን ቃላት እንመልከት። "ጥበብ" እንላለን፤ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ሥዕሉንም። በሸማኔው ዘንድ ግን ጥበብ በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ባለቀለም ሽመና ነው። "ጠቢብ" ስንል አዋቂን እናከብራለን፤ ያው ቃል "ጠይብ" ሲሆን ብረት ሠሪውን የምንሸሽበት ስም ይሆናል። ሥሩ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት። የቅኔያችን ዋና መለኪያ የሆነው "ሰምና ወርቅ"ስ ከየት መጣ? ከአንጥረኛው ቤት አይደለምን? አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ስለ ቃል ምሥጢር የምንናገርበት ቋንቋ የተገኘው ይህን ሥራ በቅርብ ካየ ዓይን ነው። እኛ ወራሾቹ ወርቁን ተቀብለን አንጥረኛውን ከበር መለስነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚለኝ ካለ፣ ከቤቴ አንድ ምስክር ልጥራ። የእኅቴ ልጅ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይሰጥ በነበረበት ዘመን ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አመጣ። እሱ ግን ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አውቶ መካኒክ ልማር አለ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ ልጁ ተመከረ፣ ተለመነ፣ ተገሠጸ። በመጨረሻም ከዘመዶቻችን አንዱ "ይህን ሁሉ ነጥብ አምጥቶ ወደቀ" አለ። ልብ በሉ፤ ፈተናውን ያለፈ ልጅ "ወደቀ" የተባለው በምርጫው ነው። ዘመዳችንም ቢሆን ቃሉን ከየትም አላመጣውም። ለዓመታት የነበረው አሠራር ከፍተኛ ውጤት ያመጣውን ወደ መሰናዶ፣ ዝቅተኛ ያመጣውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲልክ የኖረ ነው። እጅ የቅጣት ቦታ ተደረገ። ያ ፈተና በቅርብ ዓመታት ቀርቷል፤ ፍርዱ ግን በየሳሎኑ እንደ ተቀመጠ አለ።

ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ እኔ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ከተማ፣ በሐዋሳ፣ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ዓመት የሞተር ሳይክሌ ማርሚታ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ፤ በየሳምንቱ የሚጨመርለት ዘይትም የት እንደሚገባ አይታወቅም ነበር። ልጁን ጠርቼ አስተምረኝ አልኩት። "እሺ ጋሼ፤ ግን መፍቻውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። እኔ በአፌ ብቻ ነኝ" አለኝ። እንደዚያም ሆነ። ሰባት እሑዶች በግቢያችን ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈን ተቀመጥን።

የፈታነው ሞተር የሆንዳ ሲጂ 125 ዝርያ ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ከጀርባው አንድ ታሪክ ነበረው። የሆንዳ መሐንዲሶች በማደግ ላይ ባሉ የእስያ አገሮች ሞተር ሳይክል እንዴት እንደሚያገለግል በዓይናቸው ሄደው አዩ። ከልኩ በላይ ይጫናል፤ ዘይቱ በጊዜው አይቀየርም፤ ሲበላሽም ባለው መሣሪያ፣ በተገኘው ቦታ ይጠገናል። እነርሱም ተጠቃሚውን መውቀስ ትተው ሞተሩን ለወጡት። ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተውን ካም ከላይ ከቴስታታው አውርደው ከታች አስቀመጡት፤ በሰንሰለት መዞሩ ቀርቶ በጥርስ እንዲዞር አደረጉት። በቤቱ ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ምሕረት ነው፤ ቴስታታው ሲነሣ የቫልቮላዎቹ የጊዜ አቆጣጠር አይናጋምና። ንድፉን በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች እየቀዱ በዓለም አሰራጩት፤ የእኔም ከእነዚያ አንዱ ነው። አንባቢውን እንዲህ አውቆ የተጻፈ መጽሐፍ ስንት አለን?

የሲሊንደሩ ወርድ 56.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 49.5 ሚሊሜትር ነው። ሒሳቡ ሲሠራ 124 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ሁለት የቡና ስኒ ገደማ ማለት ነው። በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፒስተኑ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ካንዴላው ሲያቀጣጥለው ወደ ታች ይገፋል፣ የተቃጠለውን ያስወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአንዲት ሰከንድ 100 ጊዜ ወጥቶ 100 ጊዜ ይወርዳል፤ እሳቱም በሰከንድ 50 ጊዜ ይለኮሳል። ይህን ሁሉ ዓመት በላዩ ተቀምጬ ስሄድ ከሥሬ እንዲህ ያለ ነገር ይካሄድ ነበር።

የመፍታት የመጀመሪያው ትምህርት ቅደም ተከተል ነው። የቡሎኖቹ ቁመት ይለያያልና ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥለን፣ እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቦታ ልክ ቀዳዳ ውስጥ ሰካነው። የቴስታታው ዳዶዎች በአንድ ጊዜ አይፈቱም፤ ብረቱ እንዳይጣመም ጥቂት በጥቂት፣ በማዕዘን አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይላላሉ። ሲሊንደሩ ከተነሣ በኋላ የታችኛው አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ አንዲት ትንሽ ሽቦ እዚያ ውስጥ ብትወድቅ መዘዟ ብዙ ነውና። ከዚያ በኋላ ንባቡ ይጀምራል።

ንባብ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ልጁ ጣቴን ይዞ ሲሊንደሩ ውስጥ ከታች ወደ ላይ አስኬደውና "ጋሼ፣ ምን ተሰማዎት?" አለኝ። ከላይ፣ የመጨረሻው ቀለበት በሚመለስበት ቦታ፣ ጥፍሬ አንድ እርከን ነካ። ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ የሚበላው ከላይ በኩል ነው፤ እሳቱ እዚያ ነው፣ ዘይቱ እዚያ ይሳሳል፣ ቀለበቱም እዚያ ቆም ብሎ ይመለሳል። አሮጌውን ቀለበት ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተን በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠሎች ስንለካ ከተፈቀደው በእጅጉ ሰፍቶ አገኘነው። ሰማያዊው ጭስ ማብራሪያውን አገኘ፤ በተበሉት ቀለበቶችና በግድግዳው መካከል ሾልኮ የሚቃጠል ዘይት ነበር። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተሞርዶ ሰፋ፤ በልኩ አንድ ደረጃ የሚተልቅ ፒስተን ተገዛ። ከቶርኖ ቤት የመጣው ግድግዳ መስታወት አልነበረም፤ እርስ በርስ የሚቋረጡ ረቂቅ ጭረቶች ነበሩበት። ዘይት የሚይዘው በእነዚያ ጭረቶች ነውና ፍጹም ለስላሳ ቢሆን ጉዳት ነበረው። አዲሶቹ ቀለበቶች ፊደል ያለበት ገጻቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ክፍተታቸው በአንድ መስመር እንዳይገጥም ተዘዋውሮ ገቡ። ቫልቮላዎቹ በማሻ ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር ተፋጭተው፣ ቤንዚን ተጨምሮባቸው አለመንጠባጠቡ ታየ። በሰባተኛው እሑድ ሞተሩ በአራተኛው ርግጫ ተነሣ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ገባኝ፤ የሙግቴም ፍሬ እርሱ ነው። እኔ በሙያዬ አንባቢ ነኝ። አንድን ግጥም አንብቤ ትርጓሜ ብሰጥ ግጥሙ ተነሥቶ "አይደለም" አይለኝም። ተማሪዬ ሊከራከረኝ ይችላል፣ የሥራ ባልደረባዬ ሊያሾፍብኝ ይችላል፤ ገጹ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እውነቱን ሳይነካ ዕድሜውን ሊጨርስ ይቻለዋል። ሞተር ፊት ይህ አይሠራም። የምታምረው ዓረፍተ ነገር ቀለበቱን አያጠብቅም። ማዕረግ፣ የመጻሕፍት ብዛት፣ የድምፅ ግርማ ለዳዶው ምኑም አይደለም። መካኒኩ በየቀኑ ከእንዲህ ያለ መላሽ ጋር የሚውል ሰው ነው፤ የተናገረው ነገር በምሽቱ ይነሣል ወይም አይነሣም። እንግዲህ ከሁለታችን የበለጠ ለእውነት የተገራው ማን ነው? ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ እኔ ግን መልሴን አውቃለሁ።

ስለ ቋንቋም የምለው አለኝ። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዡ ውስጥ አማርኛ ሆነዋል፤ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ስም "ካንዴላዎቹን"፣ "በፍሪሲዮኑ" እየተባሉ ይረባሉ። ምሁራኖቻችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተውልናል፤ ክብር ይገባቸዋል። ሆኖም ሕያው የሆነው የማሽን አማርኛ የሚነገረው በሞርሳው ዙሪያ ነው። እኛ ደራሲ ነን ባዮች ይህን አማርኛ አናውቀውም። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ጀግናው "መኪናውን አስነሥቶ ሄደ" ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከብዕራችን አይወጣም። ገበሬውን ከሩቅ፣ መካኒኩን ከሩቅ፣ ሸክላ ሠሪዋን ከሩቅ እንስላለን፤ ከዚያም ሥነ ጽሑፋችን ለምን ሥጋና ደም አነሰው ብለን ጉባኤ እንጠራለን። የነገሮችን ስም የማያውቅ ብዕር ስለ ሰዎች ልብ ምን ያህል ይነግረናል?

"ይህ እኮ ተጽፎበታል፤ የሮበርት ፒርሲግን መጽሐፍ አላየህምን?" የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመውን፣ ከመታተሙ በፊት 121 አሳታሚዎች የመለሱትን፣ ዜንንና የሞተር ሳይክል ጥገናን ያጣመረውን ያን መጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ፒርሲግ ከልጁ ጋር አሜሪካን ያቋረጠበት ሆንዳ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል። ነገር ግን እኛ አንባቢዎቹ መጽሐፉን ምን አደረግነው? ፍልስፍናውን ወስደን መፍቻውን መሬት ላይ ተውነው። ሞተሩ "ተምሳሌት ነው" ብለን አረፍን። የእጅ ሥራ በቤታችን የሚፈቀድለት ሌላ ነገርን ሲወክል ብቻ ነው፤ ሰም ሆኖ ሲቀልጥ ብቻ። እኔ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሞተሩ ሞተር ሆኖ ይከበር እላለሁ።

ከበደ ሚካኤል "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1946 ዓ.ም. አሳተሙ። ትውልድ ተቀባብሎ ጥያቄውን ደገመው። መልሱን ግን በሥርዓትና በፖሊሲ፣ በዩኒቨርሲቲና በምክር ቤት ስንፈልግ አንድ ቤት አለፍን። ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1906 በሃማማትሱ አካባቢ ሲወለድ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸማኔ ነበሩ። ቀጥቃጭና ሸማኔ! እኛ ዘንድ ቢወለድ በሁለት ወገን የሚሰደብ ልጅ ነበር። በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ጋራዥ ተቀጠረ። በኋላም የፒስተን ቀለበት ልሥራ ብሎ ተነሣ፤ ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ጎልማሳው ሰው ስለ ብረት ጠባይ ለመማር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ከወጣቶች ጋር ተቀመጠ። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ከሠራዊቱ የተረፉ ትናንሽ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን በብስክሌት ላይ ገጠመ፤ በ1948 ኩባንያውን አቋቋመ። በ1958 የወጣው ሱፐር ካብ የተሰኘው ሞተር ሳይክሉ በ2017 ምርቱ 100 ሚሊዮን ደረሰ። ጃፓን የሠለጠነችው በአንድ ሰው ነው አልልም። ያ ልጅ "ወደቀ" ቢባል ኖሮ ግን የእኔ ግቢ ውስጥ የሚፈታ ሞተር አይኖርም ነበር።

ተቃዋሚዎቼን በቅንነት ልስማቸው። አንዱ "የሥራ ክፍፍል ሥልጣኔ ነው፤ አንተ አስተምር፣ መካኒኩ ይጠግን" ይላል። እስማማለሁ፤ ሁሉም ሰው ቴስታታ ይፍታ አላልኩም። ክፍፍል ማለት ግን ጎን ለጎን መቆም ነው፤ እኛ የሠራነው መሰላል ነው። ሌላው "የድኻውን እንጀራ ትቀማለህ" ይላል። የቶርኖ ቤቱን፣ የዕቃ መደብሩን፣ የልጁን ሰባት እሑዶች ዋጋ ከፍያለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያተረፍኩት የመካኒክ ሒሳብ ሲመጣ የማልከራከርበትን ምክንያት ነው። "ሁለት ቡሎን ፈትቶ ይህን ያህል?" የሚለው ጥያቄ የትኛውን ቡሎን መፍታት እንዳለበት ማወቅን ከዋጋ ያወጣል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበረታል፤ "ለአንተ የእሑድ ጨዋታ የሆነው ለዚያ ልጅ የሰኞ ኑሮ ነው፤ የተመቸው ሰው ድካምን ሲያወድስ አያምርም" ይላል። እውነት ነው። የልጁ ወገብ በሠላሳ ዓመቱ ያመዋል፤ የጋራዡ ወለል ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱ ከጥፍር ሥር አይለቅም። ለዚህም ነው ድካሙን የማላወድሰው። የማወድሰው ዕውቀቱን ነው፤ የምጠይቀውም ዕውቀት ተብሎ እንዲጠራ፣ በዕውቀት ዋጋ እንዲከፈለው ነው።

እንግዲህ ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምሻው ጥቂት ነገር ነው። ልጆቻችን እጃቸውን ሲመርጡ ለቅሶ አንቀመጥ። "ወደቀ" የሚለውን ቃል ከዚያ ቦታ እናንሣው፤ ቃል የእኛ ሥራ ነውና ይህን እንኳ እንወጣው። የጋራዡን፣ የቶርኖ ቤቱን፣ የሸማኔ ጉድጓዱን አማርኛ ሄደን እንስማ፤ ከባለቤቶቹ አፍ እንጻፍ። "ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም" ስንልም ድምፃችን ዝቅ ይበል።

ቅኔ ስንቀኝ ወርቁን ያገኘ ይደነቃል፤ ሰሙን የገለጠ ይመሰገናል። እሳቱን ያነደደው፣ ሰሙን ያቀለጠው፣ ጭቃውን የሰበረው ሰው ስም ግን በየትኛውም ጉባኤ ሲጠራ አልሰማሁም። ከአንጥረኛው ቤት የተበደርነውን ቃል መመለስ አንችልም፤ ተዋሕዶናል። ሰላምታ መመለስ ግን እንችላለን።